ጥይት ይበሳል እንጂ አይወረውርም

በፊልም ላይ በጥይት የተመታ ሰው አይወድቅም፤ ይበራል። ተኳሹ ቃታውን ሲስብ የተመታው ሰውዬ ሁለት እግሩ ከመሬት ተነቅሎ ወደ ኋላ ይስፈነጠራል፤ ከጀርባው መስኮት ካለ መስተዋቱን ሰባብሮ ይወጣል፣ ግድግዳ ካለ ተላትሞ ቁልቁል ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተኳሹ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱማ መሣሪያውን በአንድ እጁ ይዞ ነው። ውሸቱን ለመያዝ ታዲያ የተመታውን መመርመር አያስፈልግም፤ ተኳሹን ማየት ይበቃል።

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ባሳተመው ሦስተኛ ሕጉ መሠረት የሚገፋ ሁሉ በዚያው ልክ ይገፋል። ባሩዱ ተቀጣጥሎ ጥይቱን ወደ ፊት ሲያስወነጭፈው ጠመንጃውንም በእኩል ግፊት ወደ ኋላ ይመታዋል። ክላሽ የተኮሰ ሰው ሰደፉ ትከሻውን ሲጎስመው የሚሰማው ይኸው ነው። እንዲያውም ተኳሹ የሚደርሰው ግፊት የተመታው ሰው ከሚደርሰው ይበልጣል፤ ጥይቱን ተከትሎ በአፈሙዙ የሚወጣው ጋዝ የራሱን ይጨምራል፣ ጥይቱም አየር እየቀዘፈ በሄደ ቁጥር ፍጥነቱን ያጣል። ሰው አንስቶ የሚወረውር ጥይት ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ በጀርባው የሚዘረረው ተኳሹ ነበር።

እስቲ እናስላው። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላውን ምን ያህል መግፋት እንደሚችል የሚነግረን ሞመንተም የሚባለው መጠን ነው፤ መጠነ ቁሱን በፍጥነቱ ማባዛት ብቻ ነው። ከክላሽንኮቭ የሚወጣው አረር፣ ቀለሁን ሳይጨምር፣ 8 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከአፈሙዙ ሲለይ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይሮጣል። ግራሙ ወደ ኪሎ ግራም ተለውጦ ሲባዛ 5.7 ይመጣል። ይህን 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ያካፍሉት፦ ጥይቱ አልፎ ሳይወጣ ሙሉ በሙሉ ሰውነቱ ውስጥ ቢቀር እንኳ ሰውየው ወደ ኋላ የሚያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው በሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ ይሄዳል። በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀራል። ፊልሞች በጣም የሚወዱት ባለ ሰፊ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ፣ 30 ግራም ያህል እርሳስ በሰከንድ 400 ሜትር ቢተፋ፣ 17 ሴንቲ ሜትር ነው። ዲሽቃስ? ወደ 50 ግራም የሚጠጋው ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር ጥይቱ ሙሉ ሞመንተሙን ቢያስረክብ በሰከንድ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ እሱም ከእርምጃ ያነሰ ነው፣ በተግባር ደግሞ አልፎ ስለሚሄድ ያንንም አያስረክብም።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየከነፈ የሚመጣ የእግር ኳስ የያዘው ሞመንተም ከክላሽ ጥይት በእጥፍ ይበልጣል። በረኛው በደረቱ አቅፎ ያስቀረዋል፤ ከነኳሱ መረቡን ቀዶ ሲወጣ ያየ ግን የለም።

እዚህ ላይ «ጥይቱ በስቶ ስለሚያልፍ ነው እንጂ ቢቆም ኖሮ ይጥለው ነበር» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ነው። ሰደርያው ጥይቱን ሙሉ በሙሉ ያቆመዋል፤ ሞመንተሙ ሳይቀር ሁሉም ለለባሹ ይተርፈዋል። ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ በ1965 ኬቭላር ወደተባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ያደረሰውን ግኝት ካገኘች በኋላ፣ ከዚህ ጨርቅ ሰደርያ እየሠራ የሸጠው አሜሪካዊ ሪቻርድ ዴቪስ ገዢዎችን ያሳምን የነበረው በራሱ አካል ላይ በሽጉጥ እየተኮሰ ነው። ይህን በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ አድርጎታል። አልተወረወረም፤ ተኩሶ ወዲያው ዞሮ ከፊቱ የተደረደረ ኢላማ ይመታ ነበር። በእርግጥ የሰደርያው ውስጠኛ ክፍል ወደ ሰውነት ይገባል። የአሜሪካው መመዘኛ እስከ 44 ሚሊ ሜትር ድረስ እንዲሰረጉድ ይፈቅዳል፤ ያ ደግሞ ቆዳን ያበልዛል፣ የጎድን አጥንትም ሊሰብር ይችላል። ፊልም ይህንን ገልብጦት ነው የሚያሳየን፦ ጀግናው ተስፈንጥሮ ይወድቃል፣ ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ ሰደርያውን እያሳየ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። እውነቱ ሳይወድቅ ቆሞ ማቃሰት ነው።

ታዲያ ጥይት መግፋት ካልቻለ እንዴት ይገድላል? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሞመንተም አንድ መለኪያ ነው፤ ኢነርጂ ሌላ። ሞመንተም ፍጥነትን አንዴ ብቻ ይቆጥራል፣ ኢነርጂ ግን ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ቀላልና ፈጣን የሆነ ነገር በመግፋት ደካማ፣ በኢነርጂ ግን አስፈሪ ይሆናል። ያ 8 ግራም አረር የያዘው ኢነርጂ 2,000 ጁል ገደማ ነው። በተመሳሳዩ ቅጽበት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ተኳሹ ትከሻ የተገፋው 4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ጠመንጃ የያዘው ግን 10 ጁል እንኳ አይሞላም። ሁለቱ በሞመንተም ተቀራራቢ፣ በኢነርጂ ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው። በዚያ ላይ ሰደፉ ሰፊ ነው፤ ጥይቱ የሚያርፍበት ስፋት ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ወደ ተመታው ሰው እንመለስ። 70 ኪሎ ግራሙን በሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ሩብ ጁል ያህል ነው። ከ2,000 ጁል ውስጥ ሩብ ጁል ማለት ከ8,000 አንድ እጅ ነው። ጥይቱ ውስጥ ከቀረ የተረፈው በሙሉ ሥጋ ለመቅደድ፣ አጥንት ለመስበር፣ ራሱን ለማጣመምና ለሙቀት ይውላል። ፊልም የሚያሳየን ያችን ሩብ ጁል አግዝፎ ነው፤ የቀረውን፣ ማለትም ገዳዩን፣ ይደብቅልናል።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ባሳተመው ሥራው የጥይትን ፍጥነት የለካው ከባድ እንጨት አንጠልጥሎ በመተኮስ ነበር። ጥይቱ እንጨቱ ውስጥ ይሰነቀራል፣ እንጨቱ በዝግታ ይወዛወዛል፤ ምን ያህል እንደተወዛወዘ ተለክቶ የጥይቱ ፍጥነት ይሰላል። የፊልሙ ፊዚክስ እውነት ቢሆን ኖሮ የሮቢንስ እንጨት ጣሪያ ይነድል ነበር።

ስለ ፊልም ካነሳን አንድ እውነተኛ ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲገደሉ አንድ ተመልካች በግል ካሜራው የቀረጸው። ጭንቅላታቸው ሲመታ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጥይቱ ከፊት ነው የመጣው» አለ። ፊልሙን የለመደ ዓይን ሌላ ምን ይላል? የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ሉዊስ አልቫሬዝ ግን በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ሐብሐብ መሰል ፍሬዎችን በማጣበቂያ ፕላስተር ጠቅልሎ ተኩሶባቸው ወደ ተኳሹ አቅጣጫ ሲንከባለሉ እንዳየ አስረዳ። ጥይቱ የገባበት ነገር ውስጡ ያለውን በወጣበት በኩል ከተፋ፣ የተተፋው ነገር ሞመንተም የቀረውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያው የኒውተን ሕግ ነው። በዚያ ግድያ ላይ ያለው ክርክር ብዙ ዘርፍ አለው፤ ከዚህ የምንወስደው ግን የሰውነት እንቅስቃሴ የጥይት አቅጣጫ ምስክር ለመሆን አስተማማኝ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ጥይት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሁለት ዓይነት ክፍተት ይከፍታል። አንደኛው ጥይቱ ራሱ ቀዶና ፈጭቶ የሚያልፍበት፣ ተመልሶ የማይዘጋው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ጊዜያዊ ነው፦ ፈጣን ጥይት በዙሪያው ያለውን ሥጋ ወደ ጎን ገፍቶ ይለጥጠዋል፣ ከሰከንድ አንድ መቶኛ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይገጥማል። እንደ ጡንቻና ሳንባ ያለው የሚለጠጥ አካል ይህን መለጠጥ በአመዛኙ ይችለዋል። ጉበትና አንጎል ግን አይችሉትም፤ ይሰነጠቃሉ። የአሜሪካ ጦር የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው ማርቲን ፋክለር በ1980ዎቹ ይህን ያጠናው በቀዘቀዘ ጄላቲን ላይ እየተኮሰ ነው። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የተለመደው የክላሽ ጥይት ሩብ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከተጓዘ በኋላ ብቻ መገለባበጥ የሚጀምር መሆኑ ነበር። በአንድ ዓይነት መሣሪያ ከተመቱ ሁለት ሰዎች አንዱ በጠባብ ቀዳዳ የሚተርፍበት፣ ሌላው ውስጡ የሚበጣጠስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጥይቱ በየት ገብቶ ምን ያህል ርቀት እንደሄደና ምን እንዳገኘ ይወስነዋል።

ይህም ወደሚቀጥለው ውሸት ይወስደናል። በፊልም የተመታ ሰው ወዲያው ይሞታል፤ ጀግና ካልሆነ በስተቀር። በእውነቱ ሰውን በዚያችው ቅጽበት የሚጥለው የአንጎል ወይም የላይኛው የአከርካሪ ነርቭ መመታት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የደም መፍሰስ ነው፤ ደም ለመፍሰስ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1989 ያወጣው ሪፖርት ልብ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ አንጎል ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ሰውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በፈቃዱ ሊያንቀሳቅሰው እንደሚችል ይገልጻል። ለዚህ ሪፖርት መነሻ የሆነው በኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ በቢሮው ወኪሎችና በሁለት ዘራፊዎች መካከል የተካሄደ ተኩስ ነው። ከሁለቱ ዘራፊዎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ላይ ደረቱን ተመትቶ አንዱ ሳንባው ተበስቶ ነበር፤ ጥይቱ ልቡ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ሰውየው ግን መዋጋቱን ቀጠለ፤ ሁለት ወኪሎች የገደለው ከዚያ በኋላ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ቀላል ቁስል ላይ የሚዘረር ሰው አለ። በድንጋጤ ይወድቃል፣ በሕመም ይወድቃል፣ እግሩ ወይም ዳሌው ተሰብሮ ይወድቃል። «ሲመታ መውደቅ አለበት» ብሎ አእምሮው ስለሚጠብቅም ይወድቃል። ለዚህ የመጨረሻው ፊልም ራሱ አስተዋጽኦ ሳይኖረው አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የትከሻዋ ነገር ነች። ጀግናው ትከሻውን ይመታል፣ «ምንም አይደለም፣ ጨረፍ አድርጎኝ ነው» ይላል፣ በሚቀጥለው ትዕይንት በዚያው እጁ ይሰቀላል፣ ይደባደባል። ከአንገት አጥንት ሥር ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቁ የደም ቧንቧና ክንድን የሚያዙት ነርቮች ጥቅል የሚያልፉት በዚያችው በኩል ነው። አጥንቱም ከተሰበረ እጁ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ጭንም ያው ነው፦ የጭኑ ትልቅ ደም ቅዳ ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያድነው ቁስሉን ከላይ በጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እግር ወይም እጅ ከሆነ ከቁስሉ ከፍ ብሎ አጥብቆ ማሰር፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መድረስ ነው።

ፊልም ግን የሚያድነው ጥይቱን ማውጣት ነው ይለናል። ቢላዋ በእሳት ይግላል፣ አረቄ ይፈስሳል፣ ጨርቅ በጥርስ ይነከሳል፣ ጥይቱ ተፈልጎ ሳህን ላይ «ቅጭል» ይላል፣ ሰውየው ዳነ። ይህን ውሸት ከሁለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የተሻለ የሚያፈርሰው የለም። ጄምስ ጋርፊልድ በጁላይ 2 ቀን 1881 ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተመቱ። ሐኪሞቻቸው ባልታጠበ ጣትና መሣሪያ ቁስሉን ደጋግመው እየፈተሹ ጥይቱን ፈለጉ፤ የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሳይቀር የብረት መፈለጊያ ሠርቶ መጣ፣ አልተገኘም። ሰውነታቸው መግል ያዘ፣ በሴፕቴምበር 19 ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቱ ከቆሽት ጀርባ ሰውነት በራሱ ሽፋን ጠቅልሎ አስቀምጦት ተገኘ። ያልነካኩት ቢሆን ይተርፉ እንደነበር የሚያምኑ የዘመናችን ሐኪሞች ብዙ ናቸው።

ቴዎዶር ሩዝቬልት ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 1912 ሚልዋኪ ውስጥ የምርጫ ንግግር ሊያደርጉ ሲወጡ ደረታቸውን ተመቱ። ጥይቱ በኪሳቸው ያለውን የመነጽር ማኅደርና የታጠፈውን 50 ገጽ ንግግር በስቶ ገባ። ከዚያም መድረክ ላይ ወጥተው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። ሐኪሞቹ ጥይቱን ከማውጣት መተው ይሻላል ብለው ወሰኑ፤ በ1919 ሲሞቱም ደረታቸው ውስጥ ነበር። ዛሬም የሕክምናው አሠራር ይኸው ነው። ጥይቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ከተቀመጠ፣ በዚያ ያለው ፈሳሽ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ደም ስለሚያስገባው ይወጣል፤ ነርቭ ወይም ደም ሥር የሚያስጨንቅ ከሆነም ይወጣል። አለበለዚያ ብዙ ጊዜ ይተዋል።

ስለ መኪናውም ጥቂት ልበል። በፊልም የመኪና በር ምሽግ ነው። የእውነተኛው በር ግን ከ1 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ቆርቆሮ ነው፤ የሽጉጥ ጥይት እንኳ ይበሳዋል። ከለላ ሊሆን የሚችለው ሞተሩና ጎማው የተሰቀለበት ብረት ነው። የተገለበጠ ጠረጴዛና ሶፋ ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጥይት አይመልስም። ጥይት ብረት በነካ ቁጥር የሚረጨው ብልጭታም ለካሜራ ተብሎ የሚዘጋጅ ነው፤ እርሳስና መዳብ ብልጭታ አያወጡም። የብረት እምብርት ያለው ጥይት አልፎ አልፎ ሊያወጣ ይችላል፣ ብዙ የክላሽ ጥይትም እንዲያ ያለ ነው፤ ሆኖም እንደ ርችት አይደለም። የቤንዚን ታንከርም በአንድ ጥይት አይፈነዳም፤ የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፣ እሱም በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ሲሆን ብቻ። ታንኩን የበሳ ተራ ጥይት ቤንዚን ያፈስሳል፣ አበቃ።

ውኃ ላይ ደግሞ ፊልም በተቃራኒው ይሳሳታል። ጀግናው ጠልቆ ሲዋኝ ጥይቶቹ በአጠገቡ የአረፋ መስመር እየሠሩ ሜትሮችን ያቋርጣሉ። የውኃ እፍጋት ከአየር 800 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ ጥይት ውስጡ በጥቂት ሜትር ይሞታል። ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ አንድሪያስ ቫል በ2016 ለቴሌቪዥን ዝግጅት መዋኛ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ጠመንጃ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ፣ ገመድ ስቦ በራሱ ላይ ተኮሰ። ጥይቱ እሱ ጋ ሳይደርስ ወደ ታች ሰመጠ። የሚገርመው፣ ከላይ ወደ ውኃ ሲተኮስ ፈጣኑ የጠመንጃ ጥይት ከዝግተኛው የሽጉጥ ጥይት ቀድሞ መቆሙ ነው፤ ፍጥነቱ ራሱ ውኃው ላይ ይሰባብረዋል።

ይህን ሁሉ ኮሜዲ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አንዱ ውሸት ግን የእኛም አገር ጉዳይ ነው፦ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት። በፊልም ሰው ጸጥ ለማሰኘት ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ጥይቱ የት እንደገባ ጠያቂ የለም። በአንዳንድ አካባቢያችንም በሰርግና በለቅሶ እንዲሁ ይተኮሳል።

ጥይቱ ይመለሳል። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ጁልያን ሃቸር በ1920 ፍሎሪዳ ውስጥ መትረየስ ሽቅብ አስተኩሶ ሲመለስ ለካው፤ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ነበር። የአየሩ ግጭት ከዚያ በላይ እንዲፈጥን አይፈቅድለትም። ከአፈሙዝ ሲወጣ ከነበረው አንጻር ትንሽ ይመስላል። ቆዳን ለመብሳት ግን በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይበቃል። ደግሞም በሰርግ ላይ ጠመንጃውን በትክክል ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማን ነው? ዘንበል ብሎ የተተኮሰ ጥይት ቀስት ሠርቶ አፍንጫውን ወደ ፊት እንዳደረገ ይጓዛል፣ ፍጥነቱንም ያን ያህል አያጣም፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ተኩሱን እንኳ ያልሰማ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከ1985 እስከ 1992 በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል ከሰማይ በወረደ ጥይት ተመትተው የመጡ 118 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከእነዚህ 38ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የተመቱት ጭንቅላታቸውን ነው፤ ከላይ ለሚመጣ ነገር መጀመሪያ የሚጋለጠው እሱ ነውና።